ትንበያው «ዝናብ ይኖራል» ሲል ማሳው ምን ይሰማል?

አጎቴ ከቢዮ አዋሌ ወዲያ ያርሳሉ። ማሽላ፣ ትንሽ በቆሎ፣ ከቤቱ ጀርባ ጥቂት ጫት። እኔ የምኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ነው። መጋቢት ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ይደውላሉ። ሰላምታው ሳያልቅ «ስልኩ ምን ይላል?» ይሉኛል። እሳቸው ዘንድ ስልኬ ከኔ የበለጠ ክብር አለው።

አንድ ዓመት በሚያዝያ መጀመሪያ «ነገ ሰማንያ ፐርሰንት ዝናብ ይላል» አልኳቸው። ዘነበ። ደስ አለን። በማግስቱ ማሽላቸውን ዘሩ። ቡቃያው ብቅ አለ፤ ማሳው ላይ አረንጓዴ መስመር ሠራ። ከዚያ ዝናቡ ቀጥ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ጠብ አላለም። አረንጓዴው መስመር ቢጫ ሆነ፤ ቆይቶ ከአፈሩ አልለይ አለ። አጎቴ ዘር ተበድረው እንደገና ዘሩ።

ያን ሰሞን ስልኩን ስንረግም ከረምን። ኋላ ሳስበው ግን ስልኩ ምን አጠፋ? ይዘንባል አለ፣ ዘነበ። «ይዘራ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ ቢጠየቅም አያውቅም። የሳምንቱም ሆነ የአስር ቀኑ ትንበያ የሚጻፈው ለዞንና ለከተማ ነው። ወደ ማሳ መተርጎሙ የገበሬው፣ ወይም እንደኔ ስልክ የያዘ ዘመድ ሥራ ነው። እኔም ይህን ትርጉም የተማርኩት ከዚያ ዘር በኋላ ነው። እስቲ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

አስር ቀን፣ በማን አቆጣጠር?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት (ብዙዎቻችን አሁንም ኤጀንሲ ነው የምንለው) ለግብርና የሚሆነውን መረጃ በየአስር ቀኑ ያወጣል። ወሩ ሦስት ቦታ ይቆረጣል። ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20፣ ከዚያ የቀረው እስከ ወሩ መጨረሻ። በዓመት 36 ቁራጭ ማለት ነው። ወር ለቡቃያ ረጅም ነው። «በወሩ 90 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ጥሩ ይመስላል። ያ ሁሉ ዝናብ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ወርዶ ካለቀ ግን የወሩ መጨረሻ ላይ ማሳው ምን እንደሚመስል ገበሬ ያውቀዋል። በአስር በአስር ቀን ሲቆረጥ እንዲህ ያለው ክፍተት ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አስሩ ቀን የሚቆረጠው በፈረንጆቹ ወር ነው። ጁላይ 1 በኛ ሰኔ 24 ነው። ስለዚህ የጁላይ የመጀመሪያው አስር ቀን ሐምሌ 3 ላይ ያልቃል። ይህን «የሐምሌ መጀመሪያ» ብሎ የተረዳ ሰው ትንበያው ሊያልቅ ሲል ነው የሚጀምረው። በልግ ላይም እንዲሁ ነው፤ ኤፕሪል 1 መጋቢት 23 ነው። ሰንጠረዥ ስታዩ መጀመሪያ የማን ወር እንደሆነ እዩ።

ቀጥሎ ቃላቱ። «የዝናብ ቀን» ማለት 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የዘነበበት ቀን ነው። አቧራ አስተኝቶ የሄደ ካፊያ አይቆጠርም። በአንድ ቀን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ «ከባድ ዝናብ» ይባላል። ቀኑ የሚለካውም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ 3 ሰዓት ነው። ትናንት ማታ የዘነበው በዛሬው መዝገብ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሚሊ ሜትር የሚለው ነገር ራሱ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ዝናብ እንዴት በማስመሪያ ይለካል? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ነው። እዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 2,500 ሊትር ወረደ፤ በ200 ሊትር በርሜል አስራ ሁለት በርሜል ተኩል። ድሬ ውስጥ ውሃ በበርሜል ያጠራቀመ ሰው የዚህ ክብደት ይገባዋል። 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ 375 በርሜል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለሩብ ሄክታር።

«መደበኛ» የሚለው ደግሞ ሰውን በጣም ያሳስታል። መደበኛ ማለት ጥሩ ማለት ይመስለን ነበር። በሚቲዎሮሎጂ ቋንቋ መደበኛ ማለት የብዙ ዓመት አማካዩ ከ75 እስከ 125 ፐርሰንት ነው። ከ125 ሲበልጥ «ከመደበኛ በላይ» ነው፤ ከ75 ሲያንስ «ከመደበኛ በታች»። ለምሳሌ የአንድ ቦታ የአስር ቀን አማካይ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 30 ቢዘንብም 50 ቢዘንብም «መደበኛ» ነው። ለማሽላ ደግሞ 30 እና 50 አንድ አይደሉም። ሌላም አለ። የአማካዩ ትልቅነት እንደ ወቅቱ ነው። ድሬ በታኅሣሥ አማካዩ ትንሽ ስለሆነ አንድ ጥሩ ዶፍ ብቻውን «ከመደበኛ በላይ» ሊያሰኝ ይችላል። ያ ማለት ግን ይዘራል ማለት አይደለም።

አንድ ትንበያ፣ ስንት አየር

ትንበያው ሲነበብ «ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ፣ ድሬዳዋና ሐረር» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይታለፋል። እኛ ግን መንገዱን እናውቀዋለን። ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን ስትወጡ መጀመሪያ የሚኒባሱ መስኮት ይዘጋል፤ ቀጥሎ ጃኬት ይወጣል። ድሬዳዋ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,885 ገደማ። ሐሮማያ ወደ 2,000 ይጠጋል። ድሬዳዋ አስተዳደር ብቻውን እንኳ በሰሜን ምሥራቅ ከ950 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደቡብ ምዕራብ ከ2,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቆላው ጀልዴሳ ላይ ያለ ገበሬና ከፍ ብሎ ቢዮ አዋሌ ላይ ያለ ገበሬ በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነው ሁለት አገር ነው የሚያርሱት።

ዝናቡም በከፍታው ይለያያል። እርጥቡ አየር ወደ ተራራው ሲገፋ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ከከተማው ሆኖ ወደ ደቡብ ሲታይ ተራራው ጥቁር ለብሶ፣ እኛ ጋ ደግሞ አቧራ ብቻ የሚነሳበትን ከሰዓት የማያውቅ የድሬ ሰው የለም።

በስልክ የምናየው ትንበያ የሚሠራው ዓለምን በሙሉ በሳጥን በሳጥን በሚከፍሉ የኮምፒውተር ስሌቶች ነው። የአንዱ ሳጥን ጎን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። በዚያ ርቀት ውስጥ እኛ ጋ ቆላም ደጋም አለ። ሳጥኑ ውስጥ ግን አንድ አማካይ ከፍታ ነው ያለው። ደንገጎ ለኮምፒውተሩ ለስላሳ ዳገት ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው ስልኩ ከሚያሳየው የቀዘቀዘ፣ የቆላው ሰው የሞቀ ቢያገኝ አይግረመው።

ወቅቱም ራሱ እዚህ እንደ መሐል አገር አይደለም። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው ይባላል። አዲስ አበባ ሰኔ ሲገባ ጃንጥላ ይወጣል። ድሬ ሰኔ ማለት ሙቀት ነው። እዚህ ዝናቡ ሁለት ጉብታ አለው፤ አንዱ ሚያዝያ አካባቢ፣ ሁለተኛው ነሐሴ አካባቢ። መሐል ላይ ሰኔ ጎድጎድ ይላል። ረጅሙን ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚያጭድ የሐረርጌ ገበሬ በመሐል ይህችን ሰኔ መሻገር አለበት። በዜና «ክረምቱ በመላ አገሪቱ እየተጠናከረ ነው» ሲባል እኛ ጋ ገና ያችን ጎድጓዳ እየተሻገርን ሊሆን ይችላል።

መሬቱ በርሜል ነው

ለኔ ነገሩ የገባኝ መሬቱን እንደ በርሜል ማሰብ ስጀምር ነው። ዝናብ ይሞላዋል። ፀሐይ፣ ነፋስና ሰብሉ ራሱ ይቀዱታል። ሰብሉን የሚያሳስበው በርሜሉ ውስጥ ያለው ነው።

በርሜሉ ስንት ይይዛል? እንደ አፈሩ ነው። አሸዋማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለሰብል የሚሆን 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ሸክላማው 150፣ ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። ግን ልብ በሉ፤ ቡቃያ ሥሩ ሜትር አይወርድም። ገና አንድ ስንዝር ነው። አሸዋማ መሬት ላይ ለዚያች ስንዝር የሚደርሰው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቡቃያው የሚጠጣው ከጣሳ ነው ማለት ይቻላል፤ በርሜሉን የሚያገኘው ሲያድግ ነው። ባቢሌ ላይ ለውዝ የሚወደው ያ ልል አሸዋማ አፈር ፍሬውን ለመንቀል ያመቻል፤ ውሃ በማቆየት በኩል ግን ስስታም ነው።

አሁን ደግሞ ከበርሜሉ የሚቀዳው። ድሬ ቆላ ላይ በሞቃት ቀን ከመሬትና ከቅጠል የሚተነው ውሃ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ሲኖር 6ም ይሆናል። በአስር ቀን 50 በሉት። ሐረርና ሐሮማያ ቀዝቀዝ ስለሚሉ 40 እንበል። ይህ መሬቱን ሙሉ የሸፈነ አረንጓዴ ነገር የሚፈልገው ነው። ማሽላ ገና ቡቃያ ሳለ የዚህን ሲሶ ያህል ይበቃዋል፤ ለድሬ ቆላ በአስር ቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር። ሊያሸት ሲልና ሲያብብ ግን ሙሉውን ይጠይቃል፤ 50 እና ከዚያ በላይ። በቆሎ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከማሽላም ይብሳል።

ቅድም ወዳየነው 30 ሚሊ ሜትር እንመለስ፤ «መደበኛ» የተባለው። ለቡቃያ ተርፎት ይፈስሳል። ለሚያብብ ማሽላ 20 ሚሊ ሜትር ጎድሎበታል። ያው ዝናብ፣ ያው «መደበኛ»፣ አንዱ ማሳ ጠግቦ ሌላው ተርቧል። በርሜሉ ከቀደመው አስር ቀን የተረፈ ካለው ይችለዋል። ከሌለው ቅጠሉን መጠቅለል ይጀምራል። ማሽላ በዚህ ጎበዝ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ ዕድገቱን ገትቶ ይጠብቃል። በቆሎ ጢም ሲያወጣ ውሃ ካጣ ግን ቆይቶ ቢዘንብለትም ቆረቆንዳው ጎደሎ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ትንበያ ስትሰሙ «ስንት?» ከማለት በፊት «ሰብሌ የት ደርሷል?» በሉ። እኔ ለአጎቴ አሁን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህን ነው።

የአወራረዱ ነገርም አለ። 30 ሚሊ ሜትሩ በሦስት ቀን አስር አስር ሆኖ ከወረደ አብዛኛው ይሰርጋል። በአንድ ሰዓት ዶፍ ከሆነ፣ ያውም በዳገት መሬት ላይ፣ ብዙው ከነአፈሩ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የዝናብ መለኪያው ድምር ግን በሁለቱም 30 ነው። እርከን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ትልሙን በየሁለትና ሦስት ሜትሩ በአፈር እየዘጉ ውሃውን ባለበት ማስቀረትም እንደዚሁ። ትንበያው ነጎድጓዳማ ዝናብ አለ ካለ ያንን ሥራ ከዝናቡ በፊት መጨረስ ነው። ዩሪያ መጨመርና መድኃኒት መርጨት ደግሞ ከከባድ ዝናብ ቀን ይራቅ፤ ታጥቦ ሲሄድ ብሩም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ መቼ ይዘራ?

ባለሙያዎች ዝናብ «ገባ» ለማለት ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ በሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ደግሞ ከሳምንት እስከ አስር ቀን የሚደርስ ደረቅ ክፍተት ሳይኖር። የመጀመሪያውን ክፍል በዓይን ማየት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን አንድ ወር ካልጠበቁ አያውቁትም። አጎቴን የበላቸው ያ ሁለተኛው ክፍል ነው። እኛ ያየነው የዝናቡን ቀን ብቻ ነበር፤ ከዝናቡ በኋላ የሚመጣውን ሳምንት ማን አየው?

የአስር ቀኑ ትንበያ ዋና ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ወሩን ሙሉ አይነግራችሁም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ይመስላል ወይስ አይመስልም የሚለውን ግን ይጠቁማል። መሬቱን ደግሞ መቆፈር ነው። ከዝናቡ ማግስት በዶማ ስትቆፍሩ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልወረደ ያ ዝናብ ላዩን አርጥቦ አታልሏችኋል። ከወረደና ትንበያው በሚቀጥሉት ቀናት ተጨማሪ ዝናብ ካሳየ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

መጠበቅም ዋጋ አለው። ረጅሙ ማሽላ ከዘገየ የሚያብብበት ጊዜ ከዝናቡ መውጫ ጋር ይጋጫል። መስከረም ካለቀ በኋላ በርሜሉን የሚሞላው የለም። ስለዚህ በልጉ ዘግይቶ ሰኔ ከተገባ፣ የአባቶችን ረጅም ማሽላ ትቶ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ማሰብ ይሻላል። ረጅሙን ማሽላ መተው ቀላል አይደለም፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ነው። አጭሩ ዝርያ ያን ያህል አገዳ የለውም። ገበሬው «እምቢ» ሲል አላዋቂ ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ፐርሰንቱ

«ሰማንያ ፐርሰንት» ማለት ምንድነው? ሰማንያ ፐርሰንት የሚሆነው መሬት ይረጥባል ማለት አይደለም። ቀኑን ሰማንያ እጅ ይዘንባል ማለትም አይደለም። ትንበያው በደንብ የተሠራ ከሆነ፣ «ሰማንያ» ከተባለባቸው አስር ቀናት በስምንቱ ይዘንባል፣ በሁለቱ አይዘንብም ማለት ነው። ስለ መጠኑም የሚለው የለም። ሰማንያ ፐርሰንት የ2 ሚሊ ሜትር ካፊያ ሊሆን ይችላል። የዚያ ዓመት ስህተቴ ይህም ጭምር ነበር፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ዝናቡም የሚተልቅ መስሎኝ።

ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያለውን ትንበያ ደህና አድርጌ አምናለሁ። እስከ ሳምንት ያለውን በጥርጣሬ እይዘዋለሁ። ከአስር ቀን በኋላ «በ14ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ዝናብ» ብሎ በሥዕል የሚያሳየኝን ስልክ እስቅበታለሁ። የኛ ዝናብ አብዛኛው ከሰዓት በኋላ ከሚነሳ ደመና ነው፤ አንዱን ቀበሌ አጥቦ ጎረቤቱን ዘሎ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ደመና ከሁለት ሳምንት በፊት የት እንደሚወርድ የሚያውቅ ኮምፒውተር የለም።

የወቅት ትንበያው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በልግ፣ ክረምትና በጋ ከመግባታቸው በፊት ኢንስቲትዩቱ ለየአካባቢው ሦስት ዕድል ይሰጣል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ባይኖር ለሦስቱም እኩል ሲሶ ሲሶ ይሰጥ ነበር። «ከመደበኛ በታች 45 ፐርሰንት» ከተባለ ሚዛኑ አዘነበለ ማለት ነው እንጂ ተፈረደ ማለት አይደለም፤ 55 ፐርሰንቱ አሁንም ወደ ሌላው ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ላይ ሁሉንም ማሳ በአንድ ሰብልና በአንድ ቀን አለመዝራት ይበጃል።

ሚዛኑን የሚያዘነብለው ብዙ ጊዜ ከኛ በጣም የራቀ ባሕር ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከተለመደው በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፤ ያኔ የኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ያየነው ነው። በልጉም ከሸፈ፣ ክረምቱም ደከመ፤ ሐረርጌ ክፉኛ ተጎዳች። የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ጨዋታ አለው። ምዕራባዊው ጎኑ፣ ማለትም ወደኛ ያለው፣ ሲሞቅ በጥቅምትና በኅዳር በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናቡ ይበዛል። በ2012 መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። በዚያው ዓመት የአንበጣ መንጋ በኛ በኩል አለፈ፤ እርጥብ በረሃ ለአንበጣ መራቢያ ምቹ ነው።

ብራ ሰማይና ደራሽ ውሃ

ስለ ደቻቱ፣ ስለ ከተማችን ወንዝ፣ ሳልናገር ብቀር የድሬ ልጅ አይደለሁም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ኳስ ይጫወትበታል፣ ይነገድበታል። ከሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ግን ከተማዋ ተኝታ ሳለ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አጡ። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነበር።

ስለዚህ ቆላ ያለ ሰው ትንበያውን ሲያይ የራሱን ቦታ ብቻ ማየት አይበቃውም። ወንዝ ዳር አትክልት የተከለ፣ ፓምፑን አሸዋው ላይ ያቆመ፣ ከብቱን በደረቁ ወንዝ የሚነዳ ሰው የደጋውን ትንበያ ነው ማየት ያለበት። ለምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ «ከባድ ዝናብ» ከተባለ፣ እናንተ ጋ ኮከብ ቢቆጠርም ማታ ፓምፑን አውጡ። ከደንገጎ በላይ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የፈጠነ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ስልክ።

ደግሞ ያው ጎርፍ ለአንዳንዱ ሲሳይ ነው። በቆላው በኩል ደራሽ ውሃን ጠልፈው ወደ ማሳ የሚያስገቡ ገበሬዎች አሉ። እነሱ የደጋውን ዶፍ በጉጉት ነው የሚጠብቁት።

ዝናቡ ከወጣ በኋላ

ብዙ ሰው መስከረም ሲያልቅ ትንበያ መስማት ያቆማል። ጥቅምትና ኅዳር ግን የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። የታጨደ ማሽላ ሜዳ ላይ ተከምሮ ያለጊዜው ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፣ ይበቅላል። ለውዝ ይብሳል። ፍሬው ከመሬት ከመውጣቱ በፊት ድርቅ ካገኘው፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ከገባ፣ አፍላቶክሲን የሚያመነጨው ሻጋታ ይይዘዋል። ይህ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በዚያ ሰሞን ትንበያው ሦስት አራት ደረቅ ቀን ካሳየ ለማጨድና ለማድረቅ መሽቀዳደም ነው።

ደጋው ላይ ደግሞ ውርጭ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ብራ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ረባዳው ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው በሐሮማያ ሜዳ ረባዳ ቦታ ያለ ጫት ሲቃጠል ዳገቱ ላይ ያለው የሚተርፈው። ትንበያው ዝቅተኛውን ሙቀት 4 ዲግሪ ቢል እንኳ ረባዳው ውርጭ ሊሆን ይችላል። የጣቢያው ቴርሞሜትር ከመሬት ከፍ ብሎ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ብርድ ከዚያ ይብሳል። እርጥብ አፈር ሙቀት ስለሚይዝ ቀን ላይ ያጠጣ ሰው ትንሽ ይሻለዋል።

የኒዶ ጣሳ

አጎቴ አሁን የራሳቸው ጣቢያ አላቸው። የኒዶ ጣሳ ነው። ድሬ ውስጥ ኒዶ የሌለበት ቤት ስለሌለ ጣሳ አይቸግርም። ዋናው ነገር ጣሳው ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት እንዲኖረው ነው። ከቤትና ከዛፍ ይራቅ፤ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት። እንዳይወድቅ በድንጋይ ይደገፍ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ ይገባበታል፤ የውሃው ጥልቀት በሚሊ ሜትር፣ እሱው ነው ዝናቡ። ሌላ ስሌት የለውም። ተጽፎ ይደፋል። የአጎቴን ጣሳ የምትለካው ትንሿ ልጃቸው ናት፤ በደብተሯ መጨረሻ ገጽ ትጽፋለች።

ያ ደብተር ሁለት ዓመት ሲሞላው ከስልኬ የተሻለ ሆነ። «ስልኩ 25 ያለ ቀን እኛ ጋ 11 ነው የወረደው» ይሉኛል። በሚቀጥለው እኔም ግማሹን ቀንሼ አስባለሁ። ከጣሳው ላይ በየቀኑ 5 እየተቀነሰ፣ በርሜሉ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ በግምት ይታወቃል።

ባለፈው በልግ አንድ ማታ ደወሉ። ጣሳው በሁለት ቀን 22 መሙላቱን፣ በዶማ ቆፍረው እርጥበቱ ስንዝር ማለፉን ነገሩኝ። ዘሩ ጆንያ ውስጥ ደጃፍ ላይ ነበር። እኔም ቸኩዬ ስልኬን ከፍቼ «ነገም ዝናብ ይላል!» አልኳቸው።

«የነገውን ተወው» አሉኝ። «ከሐሙስ ወዲያ ያለውን አንብብልኝ።»